ጣሳው፣ ኪኒኑ፣ ዱቄቱ ወይስ የእናት ማዕድ? ለሚያጠባ ቤት የንጽጽር መመሪያ

በጥቅምት ወር አንድ ጠዋት አባትና እናት የ10 ሳምንት ልጃቸውን ለክትባት ይዘው መጡ። ሕፃኗን በሚዛኑ ሱሪ አስገብተን ሰቀልናት፤ መርፌው ተወዛውዞ 4 ኪሎ ላይ ቆመ። ካርዷን ስገልጥ በ6 ሳምንቷ 3.7 ኪሎ ነበረች። በአራት ሳምንት የጨመረችው 300 ግራም ብቻ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ሕፃን በወር ቢያንስ ግማሽ ኪሎ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከዚያ በላይ ሊጨምር ይገባል። አባትየው ነገሩ ቀድሞ ገብቶታል፤ ስልኩን አውጥቶ የሦስት የዱቄት ወተት ጣሳዎችን ፎቶ አሳየኝና «ሲስተር፣ ከእነዚህ የትኛው ይሻላታል?» አለኝ።

እናትየውን «ትናንት ምን ምን በላሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ምሳ ግማሽ እንጀራ በሽሮ፣ እራትም እንዲሁ፤ በመሀል ሁለት ጊዜ ቡና። የክንዷን ዙሪያ ስለካው 21.5 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ ከ23 በታች ነው፣ መክሳቷን ያሳያል።

ይህ አባት ልጁን የሚወድ ሰው ነው፤ ገንዘብ ለማውጣትም ተዘጋጅቶ መጥቷል። ሆኖም ምርጫው ሁሉ ከጣሳ ጣሳ ማማረጥ ሆኖበት ነበር። በአገራችን አንዲት የምታጠባ እናት ባለችበት ቤት ፊት ያሉት አማራጮች ከዚያ ይሰፋሉ፦ የእናትየውን የቤት ምግብ መጨመር፣ ከጤና ኬላ የሚሰጥ የተጠናከረ ዱቄት፣ ኪኒን፣ የገንዘብ ድጋፍና ዕረፍት፣ በመጨረሻም የዱቄት ወተት። ሁሉም ለሁሉም አይሆንም። ለማን የትኛው እንደሚሻል ከሥራዬ የተማርኩትን እጽፋለሁ።

መጀመሪያ፦ ወተቱ ከእናት ምን ይወስዳል?

ልጇን ጡት ብቻ የምታጠባ እናት በቀን ወደ 750 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሦስት ሩብ ሊትር ያህል ወተት ታመርታለች። ለዚህ ሰውነቷ ከወትሮው በላይ በቀን 500 ኪሎ ካሎሪ (የምግብ ኃይል መለኪያ ነው) አካባቢ ይፈልጋል። በእርግዝና ጊዜ ስብ ሳታጠራቅም ለወለደች፣ ለከሳች እናት ደግሞ የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ስሌት ወደ 675 ኪሎ ካሎሪ ያደርሰዋል።

ብዙ እናቶች «ወተቴ ውኃ ሆነ፣ አይጠቅመውም» ይሉኛል። ይህ አባባል ስንቷን እናት ጡት እንዳስጣለ ሳስበው ያሳዝነኛል። በወተት ውስጥ ያለው ስኳር፣ ፕሮቲንና ካልሲየም እናትየው ብትከሳም ብዙ አይለወጥም፤ ሰውነቷ ከጡንቻዋና ከአጥንቷ እየቀነሰ ለልጁ ይሰጣል። መጀመሪያ የሚመጣው ወተት ቀጠን ብሎ ቢታይ ልጁ እየጠባ ሲሄድ ቅባቱ ይጨምራል፤ ስለዚህ አንዱን ጡት ሳይጨርስ ወደ ሌላው አለማዛወር ነው። በሌላ በኩል ቫይታሚን ኤ፣ ከቢ ቫይታሚኖች ቢ1፣ ቢ2፣ ቢ6 እና ቢ12፣ አዮዲን፣ ሴሌኒየምና የቅባቱ ዓይነት እናት የምትበላውን ይከተላሉ። እነዚህ ከማዕዷ ከጎደሉ ከወተቷም ይጎድላሉ።

እንግዲህ እናትን ስንመግብ ልጁ ምን ያህል ይፋፋል? እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ። በጋምቢያ፣ ኬኔባ በተባለች መንደር፣ ለሚያጠቡ እናቶች በቀን ወደ 700 ኪሎ ካሎሪ የሚሆን ተጨማሪ ምግብ ተሰጥቶ የወተታቸው መጠን አልጨመረም፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ታትሟል። በጓቲማላ ግን በምግብ እጥረት የተጎዱ እናቶች ከፍ ያለ ኃይል ያለው ምግብ ሲያገኙ ልጆቻቸው የሚጠቡት ወተት ጨምሯል። በቅርብ ዓመታት በቡርኪና ፋሶ ገጠር ኃይልና ፕሮቲን የተመጣጠነበት ማሟያ ምግብ ለእናቶች ተሰጥቶ ነበር፤ ከእርግዝና ጀምሮ ሲሰጥ ልጆቹ የሚወለዱበት ክብደት ተሻሽሏል፣ ከወሊድ በኋላ የተሰጠው ግን በስድስት ወራቸው ቁመታቸው ላይ ጉልህ ለውጥ አላመጣም።

ከዚህ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ ድጋፉ ይበልጥ የሚጠቅመው የከሳችውን እናት ነው፤ ወፍራም ለሆነችና በደንብ ለምትበላ እናት ተጨማሪ ማሟያ መግዛት ለልጁ የሚያመጣው ነገር ጥቂት ነው። ሁለተኛው፣ መጀመር ያለበት በእርግዝና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከመቶ 20 በላይ ሴቶች በከሱበት አካባቢ ለነፍሰ ጡሮች እንዲህ ያለ ማሟያ ይመክራል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከመቶ 22 ሴቶች ክብደታቸው ከሚገባው በታች ነበር። ወልዳ ለምታጠባ ደግሞ ምግቡ የሚያስፈልገው ለልጁ ግራም ብቻ አይደለም። የራሷ ጡንቻና አጥንት እየተሰጠ ነውና እሷም መብላት አለባት።

የቤት ምግብ፦ ከሁሉ በፊት የሚመረጠው

500 ኪሎ ካሎሪ ሲባል ብዙ ይመስላል። በምግብ ሲቆጠር አንድ ብርጭቆ ወተት፣ አንድ እንቁላል፣ አንድ ሙዝና አንድ እፍኝ ቆሎ ለውዝ ያህል ነው። በጾም ቀን ግማሽ አቮካዶ፣ አንድ እፍኝ ለውዝ፣ በወጡ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይትና አንድ ፍሬ ሙዝ ይጠጋዋል። አቅም ሲያንስ በሶ አለ፤ ጠዋት የተበጠበጠ በሶ ሻይ በዳቦን በብዙ ይበልጣል። ለምግብ መጨመሪያ ከዘይት የሚረክስ ነገር አላውቅም፤ አንድ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ይዟል።

ጥራቱን በሚመለከት በየቀኑ ከጥራጥሬ አንድ (ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ)፣ ጎመን ወይም ቆስጣ፣ ካሮት ወይም ቢጫ ስኳር ድንች፣ በተቻለ ቀን ደግሞ እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ ወይም ጉበት። ጨው አዮዲን ያለው ይሁን፤ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥና ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመር፣ ሙቀትና አየር አዮዲኑን ያጠፉታልና። ቡናው ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ይራቅ፤ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ከጎመንና ከጥራጥሬ ብረቱን እንዳያገኝ ያግዳል።

ስለ አራስ ቤት ትንሽ ልቆይ። የእኛ ባህል አራስን ይመግባል፦ ገንፎ በቅቤ፣ አጥሚት፣ የዶሮ ወጥ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚሉ ጎረቤቶች የሚያመጡት። እናቶቻችን ይህን ያወቁት ሳይንስ ሳይነግራቸው ነው፤ አከብራቸዋለሁ። ችግሩ የሚመጣው ከክርስትናው ማግስት ነው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ስትነሣ እናትየው ወደ ቤት ሥራ ትመለሳለች፣ ማዕዱም ወደ ቀድሞው ሥርዓት ይመለሳል፦ መጀመሪያ አባወራ፣ ከዚያ ልጆች፣ የተረፈውን እናት። ሕፃኑ ግን በሁለትና በሦስት ወሩ በቀን የሚጠባው ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበልጣል። ምግቡ የሚቀነሰው የወተቱ ፍላጎት ከፍ ባለበት ሰዓት ላይ ነው ማለት ነው። በሥራዬ ያየኋቸው ብዙ የክብደት መቆሞች የሚጀምሩት እዚህ ነጥብ ላይ ነው። ስለዚህ ለአራስ ጥየቃ የምትሄዱ ሁሉ፣ አሥር ቀን ላይ ከሚከመረው ገንፎ ከፊሉን ለሦስተኛው ወር አስተላልፉት፤ ያን ጊዜ አንድ ደርዘን እንቁላል ይዞ የሚመጣ ዘመድ ብዙ ይሠራል።

ጾምም አለ። በኦርቶዶክስ ቤት የጾም ቀናት በዓመት ከግማሽ በላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ ነው፤ እናት ለረጅም ጊዜ ካላገኘችው የሚጠባው ልጅ ደም ሊያንሰውና ዕድገቱ ሊጓተት ይችላል። የንስሐ አባትን መጠየቅ ነው፤ ብዙዎቹ ለምታጠባ እናት ይፈቅዳሉ። በእስልምናም የምታጠባ እናት ለራሷ ወይም ለልጇ ከሰጋች በረመዳን ማፍጠርና በኋላ በሌላ ቀን ጾማ መተካት ትችላለች። እጾማለሁ ብላ የወሰነች እናት ካለች አልከራከራትም፤ ስለ ቢ12 ኪኒን ግን እነግራታለሁ።

አብሽና ተልባ? ቢጠጡ ጉዳት የለባቸውም፤ ሆኖም ወተት የሚያመጣው ደጋግሞ መጥባት ነው። በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ። ጠላ ግን ወተት ያመጣል የሚባለው ስሕተት ነው፤ አልኮል የወተቱን መውረድ ይቀንሳል።

የተጠናከረ ዱቄት፦ ለከሳች እናት

በገጠርም ሆነ በከተማ ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ ላይ የክንድ መለኪያ ሪባን አለ። ከስድስት ወር በታች ልጅ ይዛ የክንዷ ዙሪያ ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነች እናት ድጋፉ ባለበት ወረዳ የተጠናከረ ዱቄትና ዘይት ልታገኝ ትችላለች። ዱቄቱ የበቆሎና የአኩሪ አተር ድብልቅ ሆኖ ቫይታሚንና ማዕድን የተጨመረበት ነው። ሰዉ ፋሚክስ ወይም ፋፋ እያለ ይጠራዋል።

ከቤት ምግብ የሚበልጥበት ነገር ቫይታሚንና ማዕድኑ ሳይጓደል መገኘቱ ነው። የሚያንስበት ደግሞ መከፋፈሉ። አንድ ከረጢት ለአንዲት እናት ተሰጥቶ ቤት ሲደርስ ለአምስት ሰው ገንፎ ይሆናል። ይህን ሳይ አልቆጣም፤ የተራበ ልጅ እያየ እናቱ ብቻዋን ትብላ ማለት አይቻልም። ለባለሙያዎች የምመክረው ባልና አማት በተገኙበት መስጠትና «ይህ ለሕፃኑ ወተት ነው» ብሎ መንገር ነው፤ ይህ አባባል ብዙ ቤት ውስጥ ሠርቷል። ዱቄቱን ከዘይቱ ጋር ቀላቅሎ ማብሰል ነው፤ ዘይቱን ለወጥ አስቀርቶ ዱቄቱን ብቻ መብላት ጥቅሙን ያጎድላል።

በማሸጊያ የሚመጡት የለውዝ ቅባት ማሟያዎችስ? ማብሰል ስለማይጠይቁ በአደጋና በመፈናቀል ቦታ ከዱቄት ይሻላሉ። ገበያ ላይ አግኝቶ ለእናት መግዛት ግን ዋጋ የለውም፤ የቤት ለውዝ ይሻላል።

ኪኒን

አጭር ነው። በእርግዝና የተጀመረው የብረትና ፎሊክ አሲድ ኪኒን ደም ማነስ በበዛበት አካባቢ ከወሊድ በኋላም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይቀጥላል፤ የሚጠቅመው በዋናነት እናትየውን ነው፣ የወተቱ ብረት ብዙም አይለወጥም። ለወላድ ትሰጥ የነበረችውን ከፍተኛ የቫይታሚን ኤ ክኒን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ አይመክርም፤ ካሮትና ጉበት ይበቃል። ኪኒን ረሃብን አይመልስም፤ ማዕዱ ባዶ ከሆነ ኪኒኑን ከመግዛት እንቁላሉን መግዛት ነው።

ገንዘብና ዕረፍት

ሴፍቲኔት፣ ማለትም የምግብ እጥረት ያለበት ቤተሰብ በጉልበት ሥራ ድጋፍ የሚያገኝበት ፕሮግራም፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ወዲህ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከጉልበት ሥራው ነፃ ሆና ድጋፉን የምታገኝበት ሥርዓት አለ። ብዙ እናቶች ይህን ሳያውቁ ድንጋይ ይሸከማሉ። በፕሮግራሙ ውስጥ ያለች እናት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ጠይቃ ማረጋገጫ ትውሰድ።

ገንዘብ ወይስ እህል የሚለው ጥያቄ መልሱ ከገበያው ነው። ገበያ ቅርብና ዋጋው የተረጋጋ ከሆነ ገንዘብ ይሻላል፤ እንቁላልና ወተት መግዛት ያስችላል። ዋጋ በየሳምንቱ በሚያሻቅብበት ጊዜ እህሉ ይሻላል፤ መቶ ብሩ ከወር ወር ይመነምናልና። ገንዘቡ በማን እጅ ነው የሚለው ግን ከሁለቱም ይበልጣል።

በከተማ ያለች ተቀጣሪ እናት ብዙ ጊዜ የምትጠይቀኝ ስለ ምግብ ሳይሆን ስለ ሰዓት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የወሊድ ፈቃዱ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ነው። 90ው ቀናት ሲያልቁ ልጁ ገና ስድስት ወር አልሞላውም። ለዚህች እናት ከማንኛውም ማሟያ በላይ የሚጠቅማት ወተቷን እያለበች የማስቀመጥ ልምድና ምሳ ዕቃ ነው። ወተቱን ንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ ማለብ፤ ፍሪጅ ውስጥ ካለ ለጥቂት ቀናት ይቆያል። ጠዋት ከመውጣቷ በፊት፣ ማታ ስትመለስ፣ ሌሊትም ማጥባት። የሌሊቱ መጥባት ወተቱ እንዳይቀንስ ይጠብቃል።

ጣሳው

ስለ ዱቄት ወተት ሒሳቡን እንሥራ። አንድ የ400 ግራም ጣሳ ሲበጠበጥ ወደ 3 ሊትር ወተት ይሆናል። ሕፃኑ በቀን 750 ሚሊ ሊትር ቢጠጣ አራት ቀን ይቆያል። በወር ሰባት ወይም ስምንት ጣሳ ማለት ነው፤ በየጊዜው የሚፈላ ውኃ፣ ጋዝ ወይም ከሰል፣ የጡጦ ማጠቢያ ሳይቆጠር። የስምንት ጣሳ ዋጋ በአካባቢያችሁ ስንት እንደሆነ ጻፉና በዚያው ብር ስንት እንቁላል፣ ስንት ሊትር ዘይትና ስንት ኪሎ ለውዝ እንደሚገዛ ከጎኑ ጻፉ። እኔ ይህን ወረቀት ላይ ለብዙ አባቶች ጽፌ አሳይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ከዋጋው የከፋው ሌላ ነው። ጣሳው እንዲበረክት ሲባል ይቀጥናል፤ ሕፃኑ ሆዱ በውኃ ይሞላል። ውኃው ካልፈላ ተቅማጥ ይመጣል። ጡጦ በገባ ቁጥር ሕፃኑ ጡቱን ያነሰ ይጠባል፤ ያነሰ ሲጠባ ወተቱ ይቀንሳል፤ ከዚያ «ድሮም ወተት የላትም» ይባላል።

ጣሳ የሚያስፈልግበት ጊዜ ግን አለ፦ እናት ሞታ ከሆነ፣ ከማጥባት ጋር የማይሄድ መድኃኒት ላይ ከሆነች፣ ጥቂት የሕፃን በሽታዎች ሲኖሩ። ይህን ሐኪም ይወስናል፤ ያን ጊዜ ማንም እናት አንገቷን አትድፋ። ከኤች አይ ቪ ጋር የምትኖር እናት መድኃኒቷን በትክክል የምትወስድ ከሆነ ጡት ብቻ እንድታጠባ ነው የሚመከረው።

ምርጫውን የሚወስኑ ምልክቶች

ከገንዘቡ በፊት ልጁን ማየት። በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚሸና፣ ነቅቶ የሚጠባ፣ በካርዱ ላይ መስመሩ ወደ ላይ የሚሄድ ልጅ በቂ ወተት እያገኘ ነው፤ ጎረቤት ምንም ቢል ጣሳ አያስፈልገውም። ክብደቱ ከቆመ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ይታይ፦ አጠባቡና እናትየው። አፉ ጡቱን በደንብ ይዟል ወይ? አገጩ ጡቷን ይነካል፣ ከጡቱ ጫፍ ዙሪያ ያለው ጥቁሩ ክፍል አብሮ ገብቷል ወይስ ጫፉን ብቻ ነው የያዘው? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ከስድስት ወር በታች ያለ ዕድገቱ የሚያሰጋ ሕፃን ከእናቱ ጋር እንደ ጥንድ ይታይ ይላል፤ ክንዷም፣ ጭንቀቷም አብሮ ይመረመራል። አልጠባም ያለ፣ ትኩሳት ያለው፣ የዛለ ወይም ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሕፃን ግን ስለ ምግብ ምርጫ ሳይታሰብ ያኔውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

መንታ የምታጠባ እናት ሁለት እጥፍ ወተት ታመርታለች፤ ሁለት ተጨማሪ ማዕድ ይያዝላት። ወተቷ እየበቃ ከሆነ እንዲሁ ትቀጥል።

ወደ ጥቅምቷ ቤተሰብ ልመለስ። የጡት አያያዙን ሳየው ሕፃኗ ጫፉን ብቻ ይዛ ነበር፤ አስተካከልነው። እናትየው ክንዷ 21.5 ስለነበረ ዱቄትና ዘይት ተመዘገበላት። አባትየው ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከትቶ «በሳምንት ስንት እንቁላል ይበቃታል?» አለኝ፤ «በቀን አንድ፣ ከተቻለ ሁለት» አልኩት። «ወንድሜ፣ ማታ ደግሞ ልጅቷን አንተ ያዝ፣ እሷ ተቀምጣ ትብላ» ብዬ ጨመርኩለት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲመለሱ ሕፃኗ 4.6 ኪሎ ሆናለች። አያያዙ ይሁን፣ ምግቡ ይሁን፣ ዕረፍቱ ይሁን ለይቼ መናገር አልችልም፤ ምናልባት ሦስቱም። የእናትየው ክንድ 21.8 ነበር፤ ገና ይቀራታል። ዱቄቷን ሰጥተናት ለ15 ቀን ቀጠርናት።